የኬንቲሽ ታውን በርበሬ

የምሠራበት ሙዚየም ውስጥ የሚሽከረከር ክብ ሰሌዳ አለ። ልጆች እየተጋፉ ያሽከረክሩታል። ሲቆም ቀስቱ ያረፈበትን ጮክ ብለው ያነባሉ። «መሀረብ ሰርቀሃል፤ ሰባት ዓመት አውስትራሊያ!» «ዳክዬ ሰርቀሻል፤ ሰባት ዓመት!» «የአሠሪህን የብር ማንኪያ ሰርቀሃል፤ ዕድሜ ልክ!» ከዚያ ይስቃሉ፤ ወላጆቻቸውም ይስቃሉ። አጠገቡ የእስረኛ ልብስና የፕላስቲክ ሰንሰለት ተሰቅሏል፤ እሱን ለብሰው ፎቶ ይነሣሉ። እኔ ጥግ ላይ ካለችው ወንበር ሆኜ እጠብቃለሁ። ሥራዬ ማንም መስታወቱን እንዳይነካ ማየት፣ መጸዳጃ ቤት ለሚጠይቅ ማሳየትና ሊዘጋ ሲል ሰሌዳውን በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ነው። ያንን ሰሌዳ ምን ያህል እንደምጠላው ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አሁን ልናገር።

ሙዚየሙ ትንሽ ነው፣ ወንዝ ዳር ነው፤ የእኔ ክፍል ደግሞ የግዞተኞች ክፍል ነው። እንግሊዝ በድሮ ጊዜ ሌቦቿን የት ታደርስ እንደነበር ያሳያል። እስር ቤቱ ሲሞላባት አርጅተው የተጣሉ መርከቦችን እዚሁ ቴምዝ ላይ አቁማ ሰዎቹን እዚያ ውስጥ አጎረቻቸው። ቀን የወንዙን ዳር ጭቃ ሲቆፍሩ ውለው፣ ሲመሽ ሰንሰለታቸውን እየጎተቱ ወደዚያ ይመለሱ ነበር። ያም አልበቃ ሲል ጭና ወደ ዓለም ጫፍ ላከቻቸው፤ ስምንት ወር በመርከብ ሆድ ውስጥ። ወንዙ በክፍሌ መስኮት ይታያል። አሁን ቱሪስት የጫኑ ጀልባዎች ይመላለሱበታል።

ግድግዳው ላይ ካለው ድምፅ ማጉያ አንድ ተዋናይ የግዞተኛ ድምፅ አስመስሎ ኑሯቸውን ይተርካል፤ ሲያልቅ እንደገና ይጀምራል። እሱን ስሰማ ስለምውል እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ ይዤዋለሁ። ጎህ ሲቀድ ከበሮ ይመታል፣ ይነሣሉ። ዛፍ ይቆርጣሉ፤ ዛፉ ከመጥረቢያው ይጠነክርና ስለቱ ይታጠፋል። መሬቱ የዘሩበትን ስንዴ እምቢ ይላል። ቤታቸውን በጭራሮና በጭቃ ይመርጋሉ፤ ዝናብ ሲመጣ ጭቃው ሟሙቶ ይወርዳል። በየሳምንቱ የሚሰፈርላቸው ዱቄትና በጨው የደረቀ ሥጋ ነው። መርከብ ሲዘገይ እሱም እየተቀነሰ ሄዶ ሄዶ፣ አገረ ገዥው ቤት እራት የተጠራ ሹም ሳይቀር ዳቦውን ከቤቱ ይዞ ይሄዳል። የራበው ሰው ምግብ ሰርቆ ከተያዘ ይገረፋል፤ ሲብስም ይሰቀላል። ሴቶቹ ያጥባሉ፣ ይሰፋሉ። ባሕሩን የሚያየው ከፍታ ላይ ደግሞ መርከብ መጣ አልመጣ እያለ አሻግሮ የሚያይ ሰው ይቀመጣል።

የአገሩ ባለቤቶች፣ ይሄ ሁሉ ጉድ መሬታቸው ላይ የወረደባቸው ሰዎች፣ በትረካው ውስጥ የሉም። በሩ አጠገብ ከጉልበት ዝቅ ብላ በተሰቀለች ጽሑፍ ሁለት መስመር ተሰጥቷቸዋል። እኔም ጓንቴ ወድቆ ሳነሣ ነው ያየኋት። ሌላም ትረካው ፈጠን ብሎ የሚያልፈው ነገር አለ፤ ሰባት ዓመት የተፈረደበት ሰው ሰባት ዓመቱን ሲጨርስ የሚመልሰው መርከብ አልነበረም። መንግሥት ለመውሰጃው እንጂ ለመመለሻው አላሰበበትም። አቅም ያለው እንደምንም ብሎ ተመለሰ፤ የሌለው እዚያው ቀረ።

የእህቴ ልጅ ስልክ ሰረቀ።

እዚሁ ለንደን፣ ኤድመንተን የሚባል ሰፈር፣ መጋዘን ውስጥ ይሠራ ነበር። ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ አንድ ካርቶን ስልክ በጓሮ በር አወጡ። ላስተባብልለት አልፈልግም፤ ያን ቀን እጄ ቢገባ በጥፊ አጠናግረው ነበር። ሁለት ዓመት ተፈረደበት፣ ግማሹን ታሰረ። እኔ የዋህ ሆኜ ይኸው ቅጣቱን ጨረሰ ስል፣ ለካ ሁለተኛው ቅጣት መውጫው በር ላይ እየጠበቀው ነው። አንተ የዚህ አገር ዜጋ አይደለህም፣ ወደ አገርህ ወደ ኢትዮጵያ ትመለሳለህ ተባለ።

ወደ አገርህ ትመለሳለህ! ልጁ የተወለደው እኔና እናቱ ስደት ላይ እያለን ካርቱም ነው። በአርባ ቀኑ ክርስትና የተነሣውም እዚያው ነው። ለንደን ሲገባ ገና አፉን እየፈታ ነበር። ኢትዮጵያን በእግሩ ረግጧት አያውቅም፤ ካልሄዱበት እንዴት ይመለሳሉ? አማርኛው «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ያልቃል፤ ፊደል አይለይም። የእንግሊዝ ፓስፖርት ያልያዘው እናቱ የራሷን ስታወጣ የእሱን «በሚቀጥለው ዓመት አፕላይ አደርግለታለሁ» እያለች ስላሳደረችው ነው። ይሄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ግን እዚህ ትምህርት ቤት የገባ፣ እዚህ ኳስ የተጫወተ፣ ስርቆቱንም ቢሆን እዚሁ የተማረ ልጅ፣ ሲያጠፋ ብቻ የባዕድ ልጅ ይሆናል? ሲያድግ የነሱ፣ ሲሰርቅ የኛ?

አሁን ወደ እህቴ ልምጣ። እወዳታለሁ። ታላቄ ናት፤ ስደት ላይ እንደ እናት ሆና የያዘችኝ እሷ ናት። ግን ይሉኝታዋ ሰው ይገድላል። ልጁ እንደታሰረ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ «የት ሄደ?» ብለው ሲጠይቋት «አገር ቤት ገባ፤ አዳማ አጎቱ ጋ ሥራ ጀምሯል» አለች። አዳማ እውነትም ወንድም አለን። የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል፤ ልጁን በፎቶ እንጂ በአካል አያውቀውም። ሰው ሁሉ ደስ አለው። «እሰይ፣ አገሩን አወቀ! የእኛዎቹማ ሂዱ ብንላቸው መች ሰምተው! ያንቺስ የተባረከ ነው» አሏት። የተባረከው ልጅ በዚያን ሰዓት እስር ቤት ውስጥ ተቆልፎበታል።

እዚያ ላይ ብታቆም ጥሩ ነበር። እህቴ ግን ውሸት ከጀመረች አሳምራ ነው። ኬንቲሽ ታውን ካለ የአበሻ ሱቅ በርበሬ ትገዛለች፤ የሱቁን ምልክት ልጣ ትጥላለች፤ በነጭ ፌስታል ደራርባ ጠቅልላ አገር ቤት እንደሚደረገው በፕላስተር ግጥም አድርጋ ታሽገዋለች። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ «ልጄ በሰው የላከው ነው፣ ቅመሱልኝ» እያለች ታድላለች። ምን እየሠራሽ ነው ብዬ ጮኼባታለሁ። «አንቺ ምን አለብሽ፣ ልጅ የለሽ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ስትደውል ስልኬን ሳላነሣ ከረምኩ።

በርበሬውን ከሁሉ አብልጠው የወደዱት የልጁ የክርስትና አባት ናቸው። አስመራ ተወልደው በአማርኛ የተማሩ፣ ካርቱም ከእኛ ጋር የተሰደዱ፣ አሁን አርችዌይ ከእኔ ቤት ብዙም ሳይርቁ በጡረታ የሚኖሩ ሰው ናቸው። እኔም እህቴም አባባ ነው የምንላቸው። «ካርቱም በክንዴ ይዤ ያስጠመቅኩት ልጅ ይኸው በርበሬ ላከልኝ» እያሉ ለመጣ ለሄደው ያወሩ ነበር። የራሳቸው ልጆች ካናዳ ናቸው፤ ለበዓል ካልሆነ አይደውሉላቸውም።

ልጁ ሲወጣ እግሩ ላይ መቆጣጠሪያ አሰሩለት። የሳሙና ማስቀመጫ የሚያክል ጥቁር ነገር ነው፤ የት እንዳለ ቀን ከሌሊት ለመንግሥት ይናገራል። ባትሪው ሲደክም እግሩ ላይ እንዳለ ነው ቻርጅ የሚደረገው። ስለዚህ ልጁ እናቱ ሳሎን ግድግዳውን ተደግፎ፣ እግሩን ዘርግቶ፣ በሽቦ ከሶኬት ጋር ታስሮ ይቀመጣል። ሰው በሩን ሲያንኳኳ እህቴ ሮጣ ብርድ ልብስ ጣል ታደርግበታለች። ለመጣው እንግዳ «ከአገር ቤት ከተመለሰ ወዲህ ቁርጥማት ይዞታል» ትላለች።

አንድ ቀን ሥራ ቦታዬ መጣ። ቤት መቀመጥ አስጠልቶት ነው። ክፍሉን ዞሮ አየና የእግር ብረቱ ያለበት መስታወት ጋ ሲደርስ ቆመ። ያ ብረት ወፍራም ነው፣ ዝጓል፣ ቁርጭምጭሚቱ የሚገባበት ቦታ ተልጎ ለስልሷል። ልጁ ሱሪውን ሰብሰብ አድርጎ የእሱን እግር መስታወቱ አጠገብ አቆመው። በዚያው ቅጽበት ከተማሪዎች ጋር የመጣች አንዲት ትንሽ ልጅ አየችውና መምህሯን «ይሄ ሰውዬ ተዋናይ ነው?» አለቻት። መምህሯ መቆጣጠሪያውን ስታይ ፊቷ ቲማቲም መሰለ፤ ልጅቷን በእጇ ጎትታ ወሰደቻት። የእህቴ ልጅ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። እንኳን ልስቅ፣ ያንን መስታወት በወንበሬ ባደቅቀው ደስ ይለኝ ነበር።

ከብረቱ ይልቅ ብዙ የቆየው ግን አንዲት አሮጌ ሳንቲም ጋ ነው። ግዞተኞቹ ከመሄዳቸው በፊት የመዳብ ሳንቲም ወስደው የንጉሡ ምስል እስኪጠፋ ይፍቁና በሚስማር ነጥብ በነጥብ ልብ ይስሉበታል፣ ስም ይጽፉበታል፤ ለሚቀሩት ሰዎቻቸው መታሰቢያ ትተውላቸው ይሄዳሉ። ጽሑፉ የተንጋደደ ነው፤ አንዳንዱ ፊደል ተገልብጧል። «ሰዎቹ ደርሷቸዋል?» ብሎ ጠየቀኝ። «ባይደርሳቸው እዚህ ይገኛል?» አልኩት። እሱ ግን አላመነኝም።

ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሊቀርብ ሲል ጠበቃው ነገሩን ቁልጭ አድርጎ ነገረን። ዳኛዋ የምትመዝነው ዋናው ነገር ይሄ ልጅ ኢትዮጵያ ቢላክ ኑሮ መመሥረት ይችላል አይችልም የሚለው ነው። አገሩን የማያውቅ፣ ኖሮበት የማያውቅ ከሆነ ተስፋ አለው። ኖሮበት ከሆነ የለውም። ስለዚህ እናቱ ትመስክር፣ ከቤተሰብ ውጭ ደግሞ የተከበረ አንድ ሽማግሌ ይምጣ አለ። እኔ አክስት ስለሆንኩ ታዳላለች ይሉኛል ተብሎ ቀረሁ። ሽማግሌ ሲባል ደግሞ ከአባባ ሌላ ማን አለ?

እህቴ እሳቸው ዘንድ ሄዳ «ልጁ ትንሽ ጥፋት አጥፍቶ ሊያባርሩት ነውና ይመስክሩለት» አለች። መቼ እንዳጠፋ፣ የት እንደታሰረ ትንፍሽ አላለችም። ያንን ስሰማ ኤድመንተን እህቴ ቤት ድረስ በአውቶቡስ ሄድኩ፤ መንገዱን ሁሉ ስበግን ነበር።

«አገር ቤት እንዳልሄደ ለአባባ ንገሪያቸው» አልኳት።

«ከፍርዱ በኋላ እነግራቸዋለሁ።»

«ከፍርዱ በኋላ ምን ይረባል? እሳቸው እኮ የሚያውቁትን ነው የሚናገሩት!»

«በርበሬውንስ ምን ልበላቸው?»

«የሱቅ ነው በያቸዋ!»

«አንቺ አብደሻል» አለችኝ። «አምና ሙሉ እየመረቁኝ የበሉትን? ነይ ውጪና አደባባይ ላይ ልብሴን አውልቂልኝ።»

«እንግዲያው እኔ እነግራቸዋለሁ።»

«ቅበሪኝ!» አለችኝ እጇን እያወራጨች። «እንዳትነግሪያቸው፣ ቅበሪኝ!» እህት ቅበሪኝ ካለች ምን ይደረጋል? ደግሞም የሚጠየቁት ስለ ልጁ ጠባይ ብቻ ነው፣ ጠበቃው እንደዚያ ብሏል እያለች ማለችልኝ።

በቀጠሮው ቀን የቤተ ክርስቲያን ሰው ግልብጥ ብሎ መጣ። ሰው ሲቸገር ከጎኑ መቆም ልማዳችን ነው፤ ስለዚህ ሁሉም ነጠላውን አጣፍቶ ከኋላ ያለውን ወንበር ሞላው። ጠበቃው ሲያያቸው ደስ አለው። አባባ ግን ምስክር ስለሆኑ እስኪጠሩ ድረስ ኮሪደር ላይ እንዲጠብቁ ተደረገ።

መጀመሪያ እህቴ ቆመች። ጠበቃው «ልጅዎ ኢትዮጵያ ሄዶ ያውቃል?» ብሎ ጠየቃት። በዓለም ላይ ከዚህ የቀለለ ጥያቄ የለም። አያውቅም፣ ብላ መቀመጥ ነበር። እህቴ ግን ዞር ብላ ወደ ኋላ አየች። በርበሬ ያደለቻቸው ሰዎች ሁሉ ተደርድረው፣ አይዞሽ በሚል ዓይን እያዩአት ነው። ጉሮሮዋን ጠረገችና «ብዙም... ብዙም አይደለም» አለች። አስተርጓሚው እንዳለ ተረጎመው። የመንግሥት ወኪሉ ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ሲጭር አየሁት።

ከዚያ አባባ ገቡ። ሙሉ ልብሳቸውን ግጥም አድርገው፣ ጫማቸውን አስጠርገው ነው የመጡት። ስለ ልጁ ጥሩ ጥሩውን ተናገሩ፤ አክባሪ መሆኑን፣ ልጅ ሳለ ዕቃቸውን ይሸከምላቸው እንደነበር። ያ ሁሉ ደህና ነበር። ከዚያ ፈገግ አሉና «አገሩ ገብቶ እንኳ እኔን ሽማግሌውን አልረሳኝም፤ በርበሬ ይልክልኝ ነበር» አሉ።

ጠበቃው ፈዞ ቀረ። የመንግሥት ወኪሉ ቀስ ብሎ ተነሣ። እንደ ቅቤ በለሰለሰ ድምፅ «ለምን ያህል ጊዜ እዚያ ኖረ?» አላቸው።

«አንድ ዓመት ግድም ይሆነዋል። አጎቱ ጋ፣ አዳማ። ጎበዝ ሠራተኛ ነው፤ አገሩንም ወዶታል ብላኛለች እናቱ።»

እያመሰገኑ ገደሉት። ፊታቸው እንዴት እንደሚያበራ ብታዩ! ለልጁ ውለታ የሚውሉ መስሏቸዋል።

ልጁ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ በእንግሊዝኛ «እስር ቤት ነበርኩ! ያን ጊዜ ሁሉ እስር ቤት ነበርኩ!» ብሎ ጮኸ። ጠበቃውም ነቅቶ፣ የታሰረበት ጊዜ ፍርድ ቤቱ እጅ ላይ እንዳለ፣ ሰው በአንድ ጊዜ ሁለት አገር ሊሆን እንደማይችል ተናገረ። የመንግሥት ወኪሉ ቅንጣት አላፈረም። «መልካም» አለ፤ «እንግዲያው ሁለቱም ምስክሮች እውነቱን አልተናገሩም ማለት ነው። ቋንቋውን አይችልም፣ እዚያ ሰው የለውም ሲሉንስ ለምን እናምናቸዋለን? ደግሞ አዳማ ሱቅ ያለው አጎት እንዳለ አሁን ሰማን።»

ይሄኔ እህቴ ማንም ሳይጠራት ተነሣች። ጀርባዋን ለዳኛዋ ሰጥታ ወደ ሰዎቹ ዞረች። «ዋሽቻለሁ» አለች። «ልጄ አገር ቤት ሄዶ አያውቅም። ሰርቆ ታስሮ ነበር። በርበሬውን እኔ ነኝ ከኬንቲሽ ታውን የገዛሁት። ለሁላችሁም ያደልኳችሁ የሱቅ ነው። አባባ፣ እግርዎ ላይ ልውደቅ፣ ይቅር ይበሉኝ።» አስተርጓሚው የቱን ጥሎ የቱን እንደሚያነሣ ግራ ገባው። ዳኛዋ በትሕትና ፊቷን ወደ ፊት እንድታዞርና እንድትቀመጥ ነገረቻት። አንድ ዓመት ሙሉ ስናደድባት የነበረችውን እህቴን በዚያች ሰዓት ተነሥቼ ልስማት ፈለግኩ። ምነው ከአንድ ሰዓት በፊት አድርገሽው ብዬ ልቆነጥጣትም ፈለግኩ። አባባ ባርኔጣቸውን ሁለት እጃቸው መሀል ይዘው ያዞሩታል እንጂ ቀና አላሉም።

ውሳኔው ከሳምንታት በኋላ መጣ። ይሂድ ነው። እናቱ በራሷ አፍ ውሸታም መሆኗን አምናለች፤ አጎት አለው፤ በተጨማሪም የኢትዮጵያን ቋንቋ፣ ምግብና ሃይማኖት በጠበቀ ማኅበረሰብ መሀል ማደጉን በችሎቱ ላይ የተገኙት ሰዎች ብዛት ያሳያል፣ ስለዚህ እዚያ ለመላመድ አይቸገርም ይላል። ልንደግፈው ነጠላችንን ለብሰን የሄድነው እኛው ማስረጃ ሆንንበት። ይሄን ጠበቃው በስልክ ሲያነብልኝ ሥራ ላይ ነበርኩ። ስልኩን ዘግቼ ወደ ክፍሌ ስገባ ልጆች ሰሌዳውን ከበው እያሽከረከሩ ነው፤ አንዱ «ዕድሜ ልክ!» ብሎ ይፈነድቃል። ሄጄ በመዳፌ ያዝኩት። «ለምን አይዞርም?» አሉኝ። «ተበላሽቷል» አልኳቸው። እጄን ሳላነሣ እዚያው ቆምኩ። አለቃዬ መጥታ ቢሮዋ ወሰደችኝና ውሃ ሰጠችኝ፣ ጎብኚዎች ቅር እንዳላቸው ነገረችኝ፣ ሁለተኛ እንዳይደገም አለች። ሰሌዳው እስከ ዛሬ ይዞራል።

ልጁን አንድ ጠዋት ኢሚግሬሽን ቢሮ ሊፈርም በሄደበት አስቀሩት። ሁለት ጠባቂ ግራና ቀኝ አስቀምጠውለት በአውሮፕላን ላኩት። ያኔዎቹ ስምንት ወር ፈጅቶባቸዋል፤ የእኛ ልጅ በአንድ ሌሊት ገባ። ዕድገት ማለት ይሄ ነው። ሰባት ዓመትም አልተባለ፣ ምንም አልተባለ፤ ጠበቃው መቼ ይመለሳል ብንለው ትከሻውን ነቀነቀ።

ወንድማችን ክፉ ሰው አይደለም፤ ከሱቁ ጀርባ ካለች ክፍል በካርቶኖቹ መሀል ፍራሽ ዘርግቶ ተቀበለው። በመጀመሪያው ቀን «ነገ ሁለት ሰዓት ላይ ሱቅ ክፈት» አለው። ልጁ በለንደን አቆጣጠር መስሎት እስከ ስምንት ሰዓት ተኝቶ፣ ደንበኛ ሁሉ ከተመለሰ በኋላ ከፈተ። አጎቱ ሰፈር እስኪሰማ ጮኸበት። ሰፈሩ «እንግሊዙ» ይለዋል። የታክሲ ረዳት የሚጠራውን ስለማይሰማ ሁለት ጊዜ ሞጆ ደርሶ ተመልሷል። ሲደውልልኝ ይሄን እያሳቀ ያወራኛል። ስልኩን ስዘጋ ያ ተዋናይ ጆሮዬ ላይ ይመጣብኛል፤ ዛፉ ከመጥረቢያው ይጠነክራል የሚለው።

ባለፈው የጾም ሰሞን እህቴ ደወለችና «ነይ፣ ነይ ብቻ» አለችኝ። ስደርስ ጠረጴዛዋ ላይ አንድ ጥቅል አለ። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ያደረሰላት ነው። በነጭ ፌስታል ተደራርቦ ተጠቅልሎ በፕላስተር ታሽጓል። ላዩ ላይ በስክሪብቶ «ለእማ» ይላል። ፊደሉ የተንጋደደ ነው፤ «ማ» ተገልብጣለች። የአጎቱን ሱቅ ያከራየው ሰውዬ ሚስት እያሳየችው ራሱ አዘጋጅቶ፣ ራሱ ወፍጮ ቤት ወስዶ ያስፈጨው በርበሬ ነው። እህቴ ልትነካው አልቻለችም።

«ለማን ልስጠው? ማን ያምነኛል?» አለችኝ። «ውሰጂልኝ፤ ቤቴ አይደር።»

ይዤው በቀጥታ አርችዌይ አባባ ዘንድ ሄድኩ። ከችሎቱ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ሲመጡ ከበሩ አጠገብ ቆመው አስቀድሰው ማንንም ሳያናግሩ ነው የሚሄዱት። በሩን ከፈቱልኝ። ጥቅሉን ሳወጣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ።

«አይሆንም፣ ልጄ። መልሺው።»

«አባባ፣ ይሄኛውማ በእውነት እሱ ራሱ የላከው ነው። ይኸው፣ የእጅ ጽሑፉን ይዩት።»

መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ጊዜ አዩት። «ያኛው የሱቅ ነበር፤ ሳላውቅ ጣፍጦኝ በላሁት» አሉ። «ይሄን ግን በምን አንጀቴ ልብላው? ልጁን እዚያ የላክሁት እኮ እኔ ነኝ።» አይደሉም ብዬ ጮህኩ። የላኩት እነማን እንደሆኑ፣ የት ቁጭ ብለው እንደላኩት፣ ከድሮም ልማዳቸው እንደሆነ ጮክ ብዬ ነገርኳቸው፤ ከላይ ያለው ጎረቤት ወለሉን ደበደበ። አባባ ጥቅሉን መልሰው እጄ ላይ አስቀመጡት።

ቤቴ ገብቼ ምስር ወጥ ሠራሁበት። ልጁ ቅመሙን ሲያምስ አሳርሮታል፤ ጨውም በዝቶበታል። ምላሴ ላይ ይመራል። ሳህኑን ጠርጌ በላሁት። በማግስቱ ደግሜ ሠራሁ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ደወለልኝ። በአማርኛ ነበር የሚያወራው፤ አሁን ያለማቋረጥ ይችላል።

«አክስቴ፣ በርበሬው ደረሰ? እማ ምን አለች?»

«ምን ትላለች! ለቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ ልጄ የላከው ነው እያለች አደለችው» አልኩት። «የክርስትና አባትህም ወስደዋል። ጨርሰውት፣ ድገመኝ ብለውሃል።»